በዓሣ መኖ ውስጥ የዓሣ ዱቄትን በዕፅዋት ፕሮቲን ስለመተካት

ዓሣ ለማርባት ኩሬ ያዘጋጀ ወይም ለማዘጋጀት ያቀደ ማንኛውም ሰው አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ጉዳይ የመኖ ወጪ ነው። በዓሣ እርባታ አብዛኛውን ጊዜ ከማምረቻ ወጪው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለመኖ የሚውል ሲሆን፣ ከመኖው ውስጥ ደግሞ ከፍተኛውን ዋጋ የሚጠይቀው የፕሮቲን ምንጩ ነው። ለረጅም ዘመን የዓሣ መኖ ዋነኛ የፕሮቲን ምንጭ ሆኖ ያገለገለው የዓሣ ዱቄት በአገራችን በበቂ መጠን የማይመረትና ዋጋው ከአነስተኛ አርቢ አቅም በላይ የሆነ ግብዓት ነው። በመሆኑም በአካባቢ ገበያ በሚገኙ የቅባት እህል ፋጉሎዎችና የጥራጥሬ ውጤቶች መተካቱ ለብዙ አርቢዎች የአዋጭነት ጥያቄ ሆኗል።

ይህ መረጃ በተለይ በሰሜን ሸዋ ዞን በአንኮበር ወረዳ አሊዩ አምባንና አካባቢዋን ለመሰሉ ሞቃታማ ቦታዎች ነዋሪዎች እንዲያገለግል ተዘጋጅቷል። መተካቱ የሚቻልበትን ደረጃ፣ የሚጠይቀውን ጥንቃቄና አገልግሎት የሚገኝበትን መንገድ ያብራራል።

ዋና ዋና ነጥቦች

• እንደ ቆሮሶ ያሉ ዕፅዋትንም ሆነ ጥቃቅን ሕዋሳትን የሚመገቡ ዓሣዎች ከጫጩትነት ካለፉ በኋላ አብዛኛው ወይም ሙሉው ፕሮቲን ከዕፅዋት የተገኘ መኖ ተመግበው ማደግ ይችላሉ።
• አንድን ፋጉሎ ብቻውን ለዓሣ መስጠት የዓሣ ዱቄትን መተካት አይደለም። መተካት ማለት የተለያዩ ምንጮችን አመጣጥኖ፣ በሙቀት ወይም በውኃ አክሞ፣ የጎደለውን ማዕድን ጨምሮ ማዘጋጀት ነው።
• ሻጋታ የነካው ፋጉሎ በምንም ዓይነት ለዓሣ አይሰጥም።
• የመኖ ርካሽነት የሚለካው በኪሎው ዋጋ ሳይሆን አንድ ኪሎ ዓሣ ለማምረት በሚጠይቀው ወጪ ነው።

1. የዓሣ ዱቄት ምንድን ነው?

የዓሣ ዱቄት ትናንሽ የባሕር ዓሣዎችን ወይም ከዓሣ ማቀነባበሪያ የሚወጣን ተረፈ ምርት ቀቅሎ፣ ጨምቆ፣ አድርቆና ፈጭቶ የሚገኝ ግብዓት ነው። ከክብደቱ ከ60 እስከ 72 በመቶ የሚሆነው ፕሮቲን ነው። ዓሣ በሰውነቱ ሊሠራቸው የማይችላቸውንና ከምግብ ብቻ የሚያገኛቸውን አሥሩንም አሚኖ አሲዶች በተመጣጠነ ሁኔታ ይይዛል። በቀላሉ ይፈጫል፤ ፎስፈረስ፣ ቪታሚን ቢ12 እና ጠቃሚ የዓሣ ዘይት አለው፤ ሽታውና ጣዕሙም ዓሣውን ወደ መኖው ይስባል። አንድ ግብዓት እነዚህን ሁሉ በአንድነት ስለሚያሟላ መኖ አዘጋጆች ሲመርጡት ቆይተዋል።

ነገር ግን አንድ ቶን የዓሣ ዱቄት ለማምረት ከአራት እስከ አምስት ቶን ጥሬ ዓሣ ያስፈልጋል። በዓለም ገበያ ዋነኛው ምንጭ በፔሩ የባሕር ጠረፍ የሚጠመደው አንቾቬታ የተባለ ትንሽ ዓሣ ነው። ኤል ኒኞ በሚከሰትባቸው ዓመታት የፔሩ ምርት ስለሚያሽቆለቁል የዓሣ ዱቄት ዋጋ በመላው ዓለም ይንራል።

2. መተካቱ ለምን አስፈለገ?

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ባወጣው መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 በእርባታ የተመረተው የዓሣና የሌሎች የውኃ እንስሳት መጠን 94.4 ሚሊዮን ቶን በመድረስ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተፈጥሮ ውኃ ከተጠመደው በልጧል። የሚረባው ዓሣ እየጨመረ ሲሄድ ለመኖ የሚጠመደው የባሕር ዓሣ ግን በዚያው ልክ ሊጨምር አይችልም። በዚህ ምክንያት ትልልቅ አምራች አገሮች ሳይቀሩ ፊታቸውን ወደ ዕፅዋት አዙረዋል። ለአብነት በኖርዌይ የሳልሞን መኖ ውስጥ ከባሕር የሚገኘው ፕሮቲን ድርሻ እ.ኤ.አ. በ1990 ከመኖው 65 በመቶ ገደማ የነበረ ሲሆን፣ በ2013 ወደ 18 በመቶ ዝቅ ብሏል። ሳልሞን ሥጋ በል ዓሣ ሆኖ ሳለ ይህ ከተቻለ፣ በተፈጥሮው ዕፅዋትን ለሚመገበው ቆሮሶ የበለጠ ቀላል እንደሚሆን ግልጽ ነው።

ኢትዮጵያ የባሕር በር የሌላት በመሆኗ የባሕር ዓሣ ዱቄት የምታገኘው በውጭ ምንዛሪ ነው። በአገር ውስጥ ሊገኝ የሚችለው ምንጭ ከጣና፣ ከባቱ (ዝዋይ)፣ ከሐዋሳ፣ ከጫሞና ከመሳሰሉት ሐይቆች የሚወጣው የዓሣ ማቀነባበሪያ ተረፈ ምርት ነው። ከአንድ ቆሮሶ ሥጋው ተላጦ ሲወጣ የሚገኘው ከክብደቱ አንድ ሦስተኛ ገደማ ስለሆነ ቀሪው ጭንቅላት፣ አጥንትና የሆድ ዕቃ ለመኖ ሊውል ይችላል። ይሁን እንጂ ይህ ዱቄት አጥንት ስለሚበዛበት የፕሮቲን መጠኑ ከባሕር ዓሣ ዱቄት ያነሰ ነው፤ ከሐይቆቹ ርቀው ለሚገኙ አካባቢዎች በቋሚነት ማድረስም አስቸጋሪ ነው።

ከሁሉም በላይ ሊጤን የሚገባው ሌላ ጉዳይ አለ። ሰው ሊመገበው የሚችለውን ትንሽ ዓሣ ፈጭቶ ለሌላ ዓሣ መስጠት፣ ወይም ለመኖ ተብሎ በጠባብ ወንፊት መረብ ያልደረሰ ዓሣ መጥመድ፣ የሐይቆቹን ሀብት የሚያራቁት ተግባር ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣባቸው ዓላማዎች አንዱም የዓሣ ሀብት በአግባቡ ተጠብቆ ጥቅም ላይ እንዲውል ማድረግ ነው።

በኅዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ቤተሰቦች የእንስሳት ተዋጽኦን በየደጃቸው እንዲያመርቱ ያበረታታል። ዓሣም ከዚሁ ጋር የሚታይ ምርት ነው። በዐቢይ ጾም ወራት የዓሣ ፍላጎትና ዋጋ ከፍ የሚል በመሆኑ፣ ምርቱን ለዚያ ወቅት የሚያደርስ አርቢ የተሻለ ገቢ ያገኛል። ይህ ተስፋ እውን የሚሆነው ግን መኖው በአቅራቢያ ከተገኘና ዋጋው ከተመጠነ ብቻ ነው።

3. ለየትኛው ቦታ የትኛው ዓሣ?

የዓሣ ዱቄትን በዕፅዋት መተካት የሚቻልበት ደረጃ በቅድሚያ የሚወሰነው በዓሣው ዝርያ ነው፤ ዝርያውን ደግሞ የሚወስነው የውኃው ሙቀት ነው።

ቆሮሶ፦ ውኃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን በደንብ ያድጋል። የውኃው ሙቀት ከ18 ዲግሪ በታች ሲወርድ የመመገብ ፍላጎቱ እየቀነሰ ይሄዳል። አንጀቱ ከአካሉ ርዝመት ብዙ እጥፍ ስለሆነ ዕፅዋትን ለመፍጨት ተስማሚ ነው። ዕፅዋት ላይ ለተመሠረተ መኖ ተመራጭ ዝርያ ነው።

አምባዛ፦ ሁሉን በል ቢሆንም ወደ ሥጋ ያደላል። መኖው ከ35 እስከ 40 በመቶ ፕሮቲን ይጠይቃል። የዕፅዋት ፕሮቲንን ይጠቀማል፤ ሆኖም በመኖው ውስጥ የተወሰነ የእንስሳት ፕሮቲን ቢቀመጥለት የተሻለ ያድጋል።

ዱባ (የተለመደው ካርፕ)፦ ሁሉን በል ነው። ከቆሮሶ ይልቅ ቀዝቃዛ ውኃን ይቋቋማል።

ትራውት፦ በቀዝቃዛ ወራጅ ውኃ የሚኖር ሥጋ በል ዓሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ ወደ ባሌ ወንዞች ተለቅቋል። ከፍተኛ ፕሮቲን ስለሚፈልግ በቤት ውስጥ በሚዘጋጅ የፋጉሎ መኖ ሊረባ የሚችል ዓሣ አይደለም።

በዚህ መሠረት 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኘው ደብረ ብርሃንና የአንኮበር ደጋማ ክፍል ለቆሮሶ እርባታ ቀዝቃዛ ናቸው። ከአንኮበር ተራሮች ሥር ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው ገመገም ላይ የተቀመጠችው አሊዩ አምባ ግን ሞቃታማ በመሆኗ የሙቀቱ ሁኔታ ለቆሮሶ ይቀርባል። ቢሆንም ማንኛውም አርቢ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ሊጠቀምበት ያሰበውን ውኃ ሙቀት በቴርሞሜትር፣ በጠዋትና ከሰዓት በኋላ፣ በተለይም በኅዳርና በታኅሣሥ ቅዝቃዜ ወራት መለካት ይኖርበታል።

4. በአካባቢ የሚገኙ የፕሮቲን ምንጮች

አሊዩ አምባ የገበያ ከተማ ናት። በ1830ዎቹ ዓ.ም. በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ወደ ሸዋ የመጡ አውሮፓውያን ተጓዦች ከታጁራና ከሐረር የሚመጡ ቅፍለቶች የሚያርፉበትን፣ የደጋና የቆላ ምርት የሚገናኝበትን የአሊዩ አምባ የዓርብ ገበያ በጽሑፋቸው መዝግበዋል። ይህ የደጋና የቆላ መገናኛነቷ ለዓሣ መኖ ዝግጅትም ይጠቅማል። ከደጋው የስንዴ፣ የባቄላና የአተር ተረፈ ምርት፣ ከደብረ ብርሃን የቢራ ፋብሪካዎች የገብስ ተረፈ ምርት፣ ከዘይት መጭመቂያዎች ደግሞ ፋጉሎ ማምጣት ይቻላልና።

ከዚህ በታች የተመለከቱት የፕሮቲን መጠኖች የተለመዱ ግምቶች ናቸው፤ እንደ አጨማመቁና እንደ ጥራቱ ከፍና ዝቅ ይላሉ።

• የአኩሪ አተር ፋጉሎ፦ ከ44 እስከ 48 በመቶ። በላይሲን የበለጸገ ነው፤ ሚቲዮኒን ያንሰዋል።
• የሰሊጥ ፋጉሎ፦ ከ40 እስከ 45 በመቶ። በሚቲዮኒን የበለጸገ ነው፤ ላይሲን ያንሰዋል።
• የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ፦ ከ25 እስከ 40 በመቶ። ጎሲፖል የተባለ ጎጂ ንጥረ ነገር ስላለው መጠኑ ይገደባል።
• የኑግ ፋጉሎ፦ ከ30 እስከ 35 በመቶ። በአገራችን በስፋት የሚገኝ ነው፤ ላይሲን ያንሰዋል፤ አሰሩ ከፍተኛ ነው።
• የተልባ ፋጉሎ፦ 30 በመቶ ገደማ። ላይሲን ያንሰዋል፤ ያዝለገልጋል።
• ግብጦ፦ ከ30 እስከ 40 በመቶ። መራራነቱ ካልወጣ አይሰጥም።
• የደረቀ የቢራ ገብስ ተረፈ ምርት፦ ከ23 እስከ 27 በመቶ።
• ፉርሽካ፦ ከ15 እስከ 17 በመቶ። ለኃይልና ለማሟያ ያገለግላል።

ኑግ መገኛው ኢትዮጵያ የሆነ የቅባት እህል ነው። ዘይቱ ለሰው ምግብ ከወጣለት በኋላ የሚቀረው ፋጉሎ ሰው የማይበላው በመሆኑ፣ ለዓሣ መኖ መዋሉ ከቤተሰብ ማዕድ ጋር አይሻማም። ከወተት ላሞችና ከሚደልቡ በሬዎች ጋር ግን ስለሚሻማ ዋጋው ከወቅት ወቅት ይለያያል። ስለዚህ ዘይት በብዛት በሚጨመቅበትና ዋጋው በሚረክስበት ጊዜ ገዝቶ፣ በደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ይመከራል።

5. ፋጉሎ ብቻውን የማይበቃባቸው ምክንያቶች

ሀ. የአሚኖ አሲድ አለመመጣጠን፦ ዓሣ የሚያስፈልገው ፕሮቲን ራሱ ሳይሆን በፕሮቲኑ ውስጥ ያሉት አሚኖ አሲዶች ናቸው። ከአሥሩ አንዱ ቢጎድል የቀሩት ቢትረፈረፉም ዓሣው የሚያድገው በጎደለው ልክ ነው። ኑግና ሰሊጥ የሚጎድላቸው ላይሲን ነው፤ አኩሪ አተር የሚያንሰው ሚቲዮኒን ነው። ሁለቱን ዓይነቶች መቀላቀል አንዱ የሌላውን ጉድለት እንዲሸፍን ያደርጋል። ሽሮ ከእንጀራ ጋር ሲበላ ለሰው የሚሰጠው ጥቅም በዚሁ መርሕ ላይ የተመሠረተ ነው።

ለ. ጎጂ ንጥረ ነገሮች፦ ዕፅዋት ዘራቸውን ከተባይና ከእንስሳት የሚከላከሉባቸው ንጥረ ነገሮች አሏቸው። ጥሬ አኩሪ አተር የፕሮቲንን መፈጨት የሚያግድ ንጥረ ነገር ይዟል፤ ተገቢ ሙቀት ይህን ያጠፋዋል። ግብጦ መራራ መርዝ አለው፤ ተቀቅሎ ውኃው እየተቀያየረ ለቀናት ሲዘፈዘፍ ይወጣል። ተልባ በአግባቡ ካልተቀቀለ ሳያናይድ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር ይኖረዋል። የጥጥ ፍሬው ጎሲፖል ግን በቤት ውስጥ ዝግጅት ሙሉ በሙሉ ስለማይወገድ የጥጥ ፋጉሎ ዋነኛ የፕሮቲን ምንጭ እንዲሆን አይመከርም፤ ለጫጩትና ለእናት ዓሣዎችም አይሰጥም።

ሐ. የፎስፈረስ እጥረት፦ በዕፅዋት ዘር ውስጥ ካለው ፎስፈረስ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ፋይቴት በተባለ ውሕድ የታሠረ ስለሆነ ዓሣው አይጠቀምበትም፤ ከኩስ ጋር ወጥቶ ውኃውን ይበክላል። የዓሣ ዱቄት ሲቀነስ የአጥንት ዱቄት ወይም ዳይካልሲየም ፎስፌት መጨመር ያስፈለገው ለዚህ ነው። ይህ ሳይደረግ ሲቀር አጥንቱ የጎበጠና ዕድገቱ የቀጨጨ ዓሣ ይበዛል።

መ. አሰርና ጣዕም፦ አሰር የበዛበትን መኖ ዓሣው በሚገባ አይፈጨውም። በድንገት የተለወጠ መኖንም ለቀናት ሊተው ይችላል። በመሆኑም ለውጡ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ፣ አሮጌውን መኖ እየቀነሱ አዲሱን እየጨመሩ መከናወን አለበት።

6. የጫጩቶች ጉዳይ

የቆሮሶ ጫጩቶች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ35 እስከ 45 በመቶ ፕሮቲን ያለው መኖ ይፈልጋሉ፤ አፋቸው ጠባብ፣ አንጀታቸውም ገና ያልዳበረ ነው። በዚህ ወቅት የዓሣ ዱቄትን ሙሉ በሙሉ ማስቀረት ሞትንና የዕድገት መጓተትን ያስከትላል። የሚፈለገው መጠን አነስተኛ ስለሆነ ወጪው ከባድ አይሆንም። ጥራት ያለው የጫጩት መኖ ገዝቶ መጠቀም፣ ወይም ጫጩቶቹን ከማባዣ ማዕከል አድገው ሲወጡ መረከብ የተሻለ አማራጭ ነው። ዓሣው 10 ግራም ገደማ ከደረሰ በኋላ ከ25 እስከ 32 በመቶ ፕሮቲን ያለው መኖ ይበቃዋል፤ የዕፅዋት ፕሮቲን ዋና ሚናም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

7. የመኖ ቅይጥ ማሳያ

የሚከተሉት ሦስት ቅይጦች ለማደግ ለደረሰ ቆሮሶ፣ 28 በመቶ ገደማ ፕሮቲን እንዲኖራቸው ታስበው የተሰሉ ማሳያዎች ናቸው። ስሌቱ የዓሣ ዱቄት 60፣ የአኩሪ አተር ፋጉሎ 44፣ የኑግ ፋጉሎ 32፣ ፉርሽካ 16 በመቶ ፕሮቲን እንዳላቸው ተቆጥሮ የተሠራ ነው። መጠኑ ለ100 ኪሎ ግራም መኖ ነው።

የመጀመሪያው ቅይጥ (የዓሣ ዱቄት ያለበት)
የዓሣ ዱቄት 20 ኪሎ፣ የኑግ ፋጉሎ 25 ኪሎ፣ ፉርሽካ 53 ኪሎ፣ የቪታሚንና የማዕድን ቅይጥ 2 ኪሎ። ጠቅላላ ፕሮቲን 28.5 በመቶ።

ሁለተኛው ቅይጥ (የዓሣ ዱቄት የተቀነሰበት)
የዓሣ ዱቄት 5 ኪሎ፣ የአኩሪ አተር ፋጉሎ 22 ኪሎ፣ የኑግ ፋጉሎ 28 ኪሎ፣ ፉርሽካ 43 ኪሎ፣ የቪታሚንና የማዕድን ቅይጥ 2 ኪሎ። ጠቅላላ ፕሮቲን 28.5 በመቶ።

ሦስተኛው ቅይጥ (የዓሣ ዱቄት የሌለበት)
የአኩሪ አተር ፋጉሎ 30 ኪሎ፣ የኑግ ፋጉሎ 25 ኪሎ፣ ፉርሽካ 43 ኪሎ፣ ከአጥንት ዱቄት ጋር የተዘጋጀ የቪታሚንና የማዕድን ቅይጥ 2 ኪሎ። ጠቅላላ ፕሮቲን 28.1 በመቶ።

ለጀማሪ አርቢ የሚመረጠው ሁለተኛው ቅይጥ ነው። የዓሣ ዱቄቱ ወደ ሩብ ወርዶም ጣዕሙንና የጎደሉ ንጥረ ነገሮችን ይሰጣል። ሦስተኛው ቅይጥ የሚሠራው በውስጡ የተፈጥሮ ምግብ በሚበቅልበት የአፈር ኩሬ ነው። በሲሚንቶ ገንዳ፣ በፕላስቲክ ጋን ወይም በሐይቅ ላይ በሚዘረጋ ቀፎ መረብ ታጉሮ ለሚረባ ዓሣ ግን መኖው ብቸኛ ምግቡ ስለሆነ ሦስተኛው ቅይጥ አይመከርም።

8. አዘገጃጀት

1ኛ. ፋጉሎውን መመርመር። የሻገተ፣ የከረፈሰ ወይም ነቀዝ የበላው ይወገዳል።
2ኛ. ሁሉንም ግብዓት ለየብቻ አድቅቆ መፍጨትና በወንፊት መንፋት። ካልላመ እህል ዓሣው የሚያገኘው ጥቅም አነስተኛ ነው።
3ኛ. በሚዛን እየለኩ መቀላቀል። በመጠን አነስተኛ የሆነው የቪታሚንና የማዕድን ቅይጥ በቅድሚያ ከጥቂት ፉርሽካ ጋር ይደባለቃል፤ ከዚያም ወደ ዋናው ይጨመራል።
4ኛ. ሙቅ ውኃ በማፍሰስ እንደ ሊጥ ማቡካት። ከፉርሽካው ጥቂቱን በስንዴ ዱቄት ተክቶ መጠቀም መኖው በውኃ ውስጥ ቶሎ እንዳይበታተን ያጣብቀዋል።
5ኛ. ሊጡን በሥጋ መፍጫ ማሽን አሳልፎ እንደ ፓስታ ማውጣትና በጥላ ሥር አየር በሚገኝበት ቦታ ማድረቅ። ጠንካራ ፀሐይ ቪታሚኖችን ያጠፋል።
6ኛ. ሲደርቅ ለዓሣው አፍ በሚመጥን መጠን መሰባበር፣ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ በማዳበሪያ ከረጢት ማስቀመጥና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መጠቀም።

9. ኩሬው ራሱ የሚሰጠው ምግብ

በአፈር ኩሬ ውስጥ በፀሐይ ብርሃን የሚበቅሉ ጥቃቅን አረንጓዴ ሕዋሳትና እነርሱን የሚመገቡ ደቂቅ ነፍሳት ከፍተኛ ጥራት ያለው ፕሮቲን አላቸው። ቆሮሶ እነዚህን ከውኃው እያጣራ ይመገባል። ፋጉሎ የሚጎድለውን ላይሲን፣ ሚቲዮኒንና ቪታሚን በከፊል የሚያሟላለትም ይህ ነው። ስለሆነም በዕፅዋት ፕሮቲን የሚያረባ ሰው ከመኖው እኩል ውኃውን መንከባከብ አለበት።

የውኃውን ለምነት በቀላሉ ለማወቅ ክንድን እስከ ክርን ድረስ ወደ ውኃው ማስገባት ይቻላል። መዳፍ ክርን ሳይገባ ከተሰወረ ውኃው ከመጠን በላይ ለምቷል፤ ፍግም ሆነ መኖ መቀነስ አለበት። ክርን ከገባም በኋላ መዳፍ በግልጽ ከታየ ውኃው ደኽይቷል፤ በደንብ የበሰበሰ ፍግ በትንሽ በትንሹ ይጨመርበታል። ዓሣዎች በማለዳ ወደ ውኃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ከከፈቱ ኦክስጅን ማነሱን ስለሚያመለክት የዚያን ዕለት መኖ ማቆምና ንጹሕ ውኃ መጨመር ያስፈልጋል።

የሚሰጠው መኖ መጠን በዓሣው ክብደት ይወሰናል። ለምሳሌ በ200 ካሬ ሜትር ኩሬ በካሬ ሜትር ሁለት ዓሣ ቢለቀቅ 400 ዓሣ ይኖራል። አማካይ ክብደታቸው 50 ግራም ሲደርስ በጠቅላላው 20 ኪሎ ይመዝናሉ። በቀን የክብደታቸውን 4 በመቶ ቢሰጣቸው 800 ግራም መኖ ይሆናል፤ ይህም ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ተከፍሎ ይሰጣል። ዓሣው ከ100 ግራም ካለፈ ከ2 እስከ 3 በመቶ ይበቃዋል። በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ዓሣዎችን አውጥቶ በመመዘን መጠኑን ማስተካከል ይገባል።

10. ወጪን በትክክል ስለማስላት

ርካሽ መኖ ሁልጊዜ ትርፋማ አይደለም። ማስላት የሚገባው የመኖውን ዋጋ አንድ ኪሎ ዓሣ ለማሳደግ በሚያስፈልገው የመኖ መጠን በማባዛት ነው። ለስሌት ማሳያ ያህል፣ በኪሎ 60 ብር የሚገዛ መኖ 1.8 ኪሎው አንድ ኪሎ ዓሣ ቢያስገኝ ወጪው 108 ብር ነው። በኪሎ 45 ብር የሚዘጋጅ ነገር ግን ያልተመጣጠነ መኖ አንድ ኪሎ ዓሣ ለማስገኘት 2.6 ኪሎ ቢጠይቅ ወጪው 117 ብር ይደርሳል። ሁለተኛው አርቢ በኪሎ መኖ 15 ብር ያተረፈ ቢመስለውም በአንድ ኪሎ ዓሣ 9 ብር ከስሯል፤ ዓሣው ለገበያ የሚደርስበት ጊዜም ይራዘምበታል፤ ለጾም ገበያ አስቦ የነበረውም ሊያመልጠው ይችላል። በመሆኑም የተገዛውን መኖ፣ በየቀኑ የተሰጠውንና የተሸጠውን ዓሣ በመዝገብ መያዝ ከመኖ ዝግጅቱ ያልተናነሰ ጠቀሜታ አለው።

11. ልዩ ጥንቃቄ፦ ሻጋታ

ፋጉሎ እርጥበት ባለበት ቦታ ሲከማች አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ የሚያመነጭ ሻጋታ ያበቅላል። ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ በመቁላትም ሆነ በመቀቀል በበቂ ሁኔታ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1960 ገደማ በአሜሪካ የትራውት ማራቢያዎች በርካታ ዓሣዎች በጉበት ካንሰር የተጠቁ ሲሆን፣ መንሥኤው ሻጋታ የነካው የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ሆኖ ተገኝቷል። በአገራችንም በ2008 ዓ.ም. ይፋ የሆነ ጥናት በአዲስ አበባና በአካባቢው ለተመረመረው ወተት በአፍላቶክሲን መበከል ዋነኛ ምንጭ የኑግ ፋጉሎ መሆኑን አመልክቷል።

ስለዚህ ፋጉሎ ሲገዛ ተሰብሮ ውስጡ መታየት አለበት። አረንጓዴ ወይም ግራጫ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለው፣ ቢሞቅ ወይም ቢሸት መግዛት አይገባም። የሻገተውን ከደኅናው ጋር ቀላቅሎ መጠቀም መርዙን ያሰራጨዋል እንጂ አያስወግደውም። ለዓሣ የማይሆን የሻገተ ፋጉሎ ለላምም ሆነ ለዶሮ አይሆንም።

12. አገልግሎት ለማግኘት

በአሊዩ አምባና በአካባቢዋ የሚገኙ ነዋሪዎች የሚከተለውን ቅደም ተከተል ቢጠብቁ ጊዜና ወጪ ይቆጥባሉ።

• በቅድሚያ በቀበሌው ለሚገኝ የግብርና ልማት ሠራተኛ ጥያቄ ማቅረብ። ሠራተኛው የቦታውን፣ የአፈሩንና የውኃውን ሁኔታ በአካል እንዲመለከት ይደረጋል።
• ጉዳዩ ከቀበሌ አቅም በላይ ሲሆን በአንኮበር ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት የእንስሳትና የዓሣ ሀብት ባለሙያዎችን ማነጋገር። ከወረዳው በላይ የሆነው ወደ ዞኑ ይመራል።
• ስለ ጫጩት አቅርቦትና ስለ መኖ ቴክኒካዊ ምክር፣ በወረዳው አማካይነት የባሕር ዳር የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከልን ወይም በሰበታ የሚገኘውን ብሔራዊ ማዕከል መጠየቅ።
• ከወንዝ ወይም ከሐይቅ ዓሣ አውጥቶ ወደ ሌላ ውኃ ከመልቀቅ መቆጠብ። ባለሙያ ሳይፈቅድ የሚደረግ ዝውውር በሽታንና ባዕድ ዝርያን ያዛምታል።
• መኖ አዘጋጅቶ ለሽያጭ ማቅረብ የሚፈልጉ ግለሰቦች፣ ማኅበራትና ድርጅቶች በእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 መሠረት ሊያሟሉ ስለሚገባቸው የብቃት ማረጋገጫ ከኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ወይም ከሚመለከተው የክልል አካል አስቀድመው መረዳት።

13. ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

ለከብት የተዘጋጀ የተመጣጠነ መኖ ለዓሣ መስጠት ይቻላል?
አይመከርም። አንዳንድ የከብት መኖ ዩሪያና ከፍተኛ ጨው ይይዛል። ላምና በሬ በጨጓራቸው ባሉ ደቂቅ ሕዋሳት አማካይነት ዩሪያን ወደ ፕሮቲን ይለውጣሉ፤ ዓሣ ግን ይህን ማድረግ አይችልም።

የጠላ አተላ ያገለግላል?
እርጥቡ አተላ ውኃው የበዛና ቶሎ የሚኮመጥጥ ነው። ደርቆና ተፈጭቶ ከፉርሽካው በከፊል ሊተካ ይችላል፤ በፋጉሎ ምትክ ግን አይሆንም።

ጓያስ?
ጓያ በሰው ላይ የእግር ሽባነት የሚያስከትል መርዝ ያለው በመሆኑ ለዓሣ መኖ ግብዓትነት አይመከርም።

በዕፅዋት መኖ ያደገ ዓሣ ለምግብነት ያንሳል?
የሥጋው ፕሮቲን አይቀንስም። የዓሣ ዱቄትና ዘይት ሲቀነስ በሥጋው ውስጥ የሚገኘው ኦሜጋ 3 የተባለው የስብ ዓይነት ሊቀንስ ይችላል። በለማ የአፈር ኩሬ የሚያድግ ዓሣ ከተፈጥሮ ምግቡ የተወሰነውን ያገኛል።

ዓሣዎቼ አዲሱን መኖ አልበላ ቢሉ ምን ላድርግ?
ያልተበላው መኖ ውኃውን ስለሚያበላሽ በመጀመሪያ መጠኑን መቀነስ ያስፈልጋል። ቀጥሎ የውኃው ሙቀት ወርዶ እንደሆነ፣ መኖው የሻገተ እንደሆነ ወይም ለውጡ ድንገተኛ ሆኖ እንደሆነ ማጣራት ይገባል። ችግሩ ከሦስት ቀን በላይ ከቀጠለ ለልማት ሠራተኛው ማሳወቅ ተገቢ ነው።